የጥንቶቹ የቤዝቦል ተጫዋቾች በጋዜጣ ዓይን

ጥያቄ፦ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ስለ አሜሪካ የቤዝቦል ተጫዋቾች የተጻፉት የጋዜጣ ዘገባዎች ምን ያህል ይታመናሉ? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ስለ ውጤቱ በአብዛኛው ይታመናሉ፤ ስለ ተጫዋቾቹ ጠባይ የተጻፈውን ግን በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ዘጋቢዎች ከቡድኖቹ ጋር በአንድ ባቡር ይጓዙ፣ የጉዞና የሆቴል ወጪያቸውንም ክለቦቹ ይሸፍኑላቸው ስለነበር፣ ያዩትን ሁሉ አይጽፉም ነበር። በዝነኛው ኳስ ወርዋሪ በክሪስቲ ማቲውሰን ስም የወጡትን ጽሑፎች እንኳ የሚያዘጋጅለት ጋዜጠኛ ነበር፤ ቅኔ በዘራፊው ስም በሚታወቅበት በጎጃም ላደገ አንባቢ ይህ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ዝምታውን የሰበሩም ነበሩ፤ ጋዜጠኛው ሂዩ ፉለርተን የ1919 እ.ኤ.አ. የዓለም ሻምፒዮና (የአሜሪካ ቤዝቦል የፍጻሜ ውድድር) በቁማርተኞች ጉቦ መበላሸቱን የሚጠቁም ጽሑፍ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሲያወጣ ብርቱ ነቀፌታ ደረሰበት፤ በቀጣዩ ዓመት ግን ስምንት የቺካጎ ዋይት ሶክስ ቡድን ተጫዋቾች በዚሁ ጉዳይ ተከሰሱ።