ንግድ ፈቃድ አለኝ ብሎ መተኛት

ጥያቄ፦ በርበሬና ሽሮ አሽጌ እሸጣለሁ። ንግድ ፈቃድ አለኝ፣ የንግድ ስሜም ተመዝግቧል። የበርበሬዬን አሠራር ፓተንት ማድረግ እፈልጋለሁ። ለመሆኑ ሌላ ሰው በእኔ ስም አሽጎ ቢሸጥስ ሕጉ ምን ይላል?

መልስ፦ እህቴ፣ የፓተንቱን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። ፓተንት ለአዲስ ፈጠራ ነው (አዋጅ 123/1987)። እናቶቻችን ሲደልዙት የኖሩትን በርበሬ ትንሽ ማሻሻል፣ ምንም ቢጣፍጥ፣ ፓተንት አያሰጥም። በዚያ ላይ ፓተንት የሚጠይቅ ሰው አሠራሩን ዘርዝሮ ማስገባት አለበት፤ ያኔ ሚስጥርነቱ ይቀራል። የእርስዎ የንግድ ሚስጥር ነው፤ ልኬቱን ለሁሉም ሠራተኛ አያሳዩ፣ የሚያውቁትን ደግሞ በጽሑፍ ያስፈርሙ። ማሸጊያው ላይ ያለው ሥዕል ባይመዘገብም በቅጂ መብት ይጠበቃል (አዋጅ 410/1996)፤ ግን ማን ሣለው? የጽሑፍ ውል ከሌለ ነገ ጣጣ አለው።

አሁን ወደ ዋናው። "ሌላ ሰው ቢሸጥስ" ይላሉ። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህን ማንም እንዲሁ አይጠይቅም። ሰውየው አለ አይደል? አከፋፋይዎ ነው? ወይስ አብሮዎት ጀምሮ የተለየ ሸሪክ? መጀመሪያ መጻፍ የነበረብዎት እሱን ነበር።

ደንበኞቼ ሁሌ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ንግድ ቢሮ ያስመዘገቡት የንግድ ስም የድርጅትዎ መጠሪያ ነው። ማሸጊያው ላይ ያለው ስምና አርማ ደግሞ የንግድ ምልክት ነው፤ የሚመዘገበውም ሌላ ቦታ፣ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ነው። በአዋጅ 501/1998 መሠረት ባለቤትነቱ የሚገኘው በምዝገባ ነው። "እኔ እኮ ስንት ዓመት ሸጬበታለሁ" ማለት ብቻውን አያድንም። ቀድሞ ያስመዘገበው ሰው ሰርተፍኬቱን ይዞ መጥቶ እርስዎን ራስዎን "ምልክቴን አትጠቀሚ" ሊል ይችላል፣ ንግድ ፈቃድዎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እያለ።

ስለዚህ ዛሬውኑ ጠበቃ ይያዙና ምልክቱ በሌላ ሰው ስም ማመልከቻ ገብቶበት እንደሆነ ያስፈትሹ። ካልገባበት ወዲያው ያመልክቱ። ገብቶ ገና ካልተመዘገበ፣ ከመመዝገቡ በፊት ለተቃውሞ በማስታወቂያ ይወጣል፤ ጊዜው አጭር ነው፣ እንዳያመልጥዎ። ከተመዘገበ በኋላ የማሰረዣ መንገድ ቢኖርም ትግሉ ይከብዳል፣ ያለ ማስረጃ ደግሞ አይሞከርም። የማተሚያ ቤት ደረሰኝ፣ የሽያጭ ደረሰኞች፣ ቀን ያለባቸው ፎቶዎች፣ ከሰውየው ጋር በቴሌግራም የተጻጻፉት፣ ሁሉንም ይሰብስቡ፤ ምንም አያጥፉ። ቲክቶክ ላይ ወጥተው "ሌባ" እንዳይሉት ደግሞ፣ በስም ማጥፋት ተከሳሿ እርስዎ ይሆናሉ።

ምናልባት የፈረሙለት ወረቀት ካለም አይደብቁ። ለጠበቃዎ መጀመሪያ የሚያሳዩት እሱን ነው።