መልስ፦ የቅንጦት የቤት መኪና ደሴና ሐይቅ ላይ ያኖራል ወይ?

ወንድሜ፣ «ከአሜሪካ የቤት መኪና (አልጋና ሽንት ቤት ያለው፣ ውስጡ የሚኖሩበት መኪና) አስመጥቼ ደሴና ሐይቅ ከተማ አካባቢ ዓመቱን ሙሉ ብኖርበትስ?» ላልከው፣ አብሽር፣ መኖሩ ይቻላል። የሚያስቸግርህ ግን የአልጋው ስፋት ሳይሆን ሽንት ቤቱ ነው። እዚያ አገር የሞላ ታንክ የሚደፋበት የተዘጋጀ ቦታ አለ። እዚህ ፍሳሽ የሚመጥ መኪና ልትጠራ ነው። ሐይቁ ዳር ጠብታ እንኳ እንዳታፈስ፤ ሰው ዓሣ ያወጣበታል።

መብራቱም ጣጣ አለው። የአሜሪካው በ120 ቮልት፣ በ60 ኸርዝ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት) ይሠራል፤ የእኛው 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ዝም ብለህ ብትሰካው ዕቃህ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ደግሞ ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። ስለዚህ ሶላር፣ ጥሩ ባትሪና የባትሪውን ኃይል ወደ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ የሚቀይር ኢንቨርተር ይሻልሃል።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድ በዝቅተኛ ማርሽ ያዘው። ፍሬን ላይ ብቻ ከተኛህ ይግልና አልይዝም ይልሃል። ለክረምት እኔ ብሆን ኮምቦልቻ ነበር የማቆመው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ብርዷን ታውቀዋለህ።

ደግሞ በጎኑ የሚዘረጋ የጥላ ሸራ ያለውን ግዛ። ወሎ ላይ ቡና ብቻህን አትጠጣም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ውስጥ አይገባልህም።