ላባው ወደቀ፣ ተሰበረ ወይስ ተነቀለ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ስድስት እንቁላል ጣይ ዶሮዎችና አንድ አውራ ዶሮ አሉኝ። ከወር ወዲህ ጀርባቸውና ከጭራቸው በላይ ያለው ቦታ እየተመለጠ ቆዳቸው ቀልቶ ይታያል። ቀን ቀን ገልጬ ባይ ቅማል የለም። መኗቸውን ይበላሉ፣ እንቁላሉ ግን ቀንሷል። አንዷ ብቻ ላባዋ እንዳለ ነው። ምን መድኃኒት ልስጣቸው?»

መድኃኒቱን ለጊዜው ይተዉት። እኔም ሥራውን ስጀምር የተመለጠ ዶሮ ባየሁ ቁጥር «ቅማል ነው» ብዬ ዱቄት እነሰንስ ነበር። አንድ ቤት ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ነሰነስኩ። ለካ ጥፋተኛው አውራው ኖሯል! ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የማየው ዶሮዋን ሳይሆን መሬቱን ነው።

ከመሬት ላይ ጥቂት ላባ ያንሱና ሥሩን ይመልከቱ። በራሱ ጊዜ የወደቀ ላባ ሥሩ ሙሉ፣ ደረቅና ንጹሕ ነው። ተነቅሎ ከሆነ ሥሩ ላይ አንዳንዴ ደም ይኖራል። የተሰበረ ከሆነ ደግሞ ጉቶው ቆዳው ላይ ይቀራል፤ በጣት ሲዳስሱት ይቆረቁራል። መሬቱ ላይ ምንም ላባ ካጡም ራሱ መልስ ነው። አንድ ሰው በልቶታል ማለት ነው። «ሰው» ያልኩት ዶሮ ለማለት ነው።

ብዙዎች መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ላባ መቀየርን ነው። ይህ በሽታ አይደለም። ዓመት ተኩል ገደማ የሆናት ዶሮ ታራግፋለች፣ ከዚያም በየዓመቱ ይደጋገማል። ከራስና ከአንገት ይጀምርና ወደ ጭራ ይወርዳል። ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል፣ እንቁላሉም ይቆማል ወይም ይቀንሳል። ግን ቆዳው ላይ ወዲያው እሾህ የመሰለ አዲስ ላባ ብቅ ይላል። የእርስዎዎቹ አንገታቸው ደህና ከሆነና የቀላው ቆዳ ላይ እሾሁ ከሌለ፣ ይህን ይለፉት።

ቀን አይቶ ቅማል ስለጠፋ ብቻ ተባይ የለም ብሎ መደምደም አይቻልም። የዶሮ ቅማል እዚያው ገላዋ ላይ ይኖራል። ጅራቷን ገልጠው በፊንጢጣዋ ዙሪያ የላባውን ሥር ቢያዩ፣ ስኳር የተለጠፈበት የመሰለ ነጭ ክምችት ያገኛሉ። እንቁላሉ ነው። ቀዩ ቅንቅን ግን ሌላ ነው። ቀን ቀን ቆጡ ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ ይውላል፣ ማታ ወጥቶ ደም መጥጦ ይመለሳል። ዶሮዋን በጠራራ ፀሐይ ቢበረብሯት ምንም አያገኙም። እንቁላል መቀነሱ እኔን ያስጠረጠረኝም እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ዶሮዎቹ ከሰፈሩ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ባትሪ ይዘው ይግቡ። ነጭ ወረቀት በቆጡ ሥር፣ በተለይ እንጨቱ ከግድግዳው በሚጋጠምበት ቦታ ጫን አድርገው ይጥረጉበት። ቀይ መስመር ከወጣ ያ የዶሮዎ ደም ነው። ስንጥቁ ዳር አመድ የመሰለ ግራጫ ብናኝም ምልክቱ ነው። ከተገኘ ጉዝጓዙን አውጥተው ያቃጥሉ፣ ቆጡን ነቅለው ስንጥቁን በፈላ ውሃ ይፈትጉ፣ ከሳምንት በኋላ ይድገሙት። አለመድገም ትልቁ ስህተት ነው፤ የቅንቅኑ እንቁላል ይፈለፈልና እንደገና ይጀምራል። ቤቱን ትተው ዶሮዋን ብቻ ቢያክሙም ድካም ነው። የሚረጭ መድኃኒት ካስፈለገ ለዶሮ የተሠራውን ብቻ ይጠቀሙ፣ እንቁላሉ ለስንት ቀን እንደማይበላም ይጠይቁ። የበረሮ መግደያ ዶሮ ላይ የሚነፋ ሰው አይቻለሁ። እባክዎ!

ወረቀቱ ንጹሕ ከወጣ ሁለት ተጠርጣሪ ይቀራል። አውራው ሲወጣባቸው የሚጎዳው ጀርባቸውንና ማጅራታቸውን ነው፤ ላባውን ብዙ ጊዜ በጥፍሩ ይሰባብረዋል እንጂ አይነቅልም። አንድ አውራ ከስምንት እስከ አሥር ሴት ቢኖረው ይሻላል፤ የእርስዎ ስድስቶች ትንሽ ያንሱበታል። ለሁለት ሳምንት ለይተው ያቆዩትና ልዩነቱን ይዩ።

እኔ ብወራረድ ግን በዚያች ላባዋ ሙሉ በሆነችው ዶሮ ላይ ነው። አውራው ያልወደዳት ልትሆን ትችላለች። ብዙ ጊዜ ግን ነቃዩዋ እሷ ናት። አሥራ አምስት ደቂቃ ራቅ ብለው ይቀመጡ። ቀስ ብላ ከኋላ ትጠጋለች፣ ከጭራው በላይ አንዱን ላባ ጥርግ አድርጋ ትነቅላለች፣ ትውጣለች፣ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ መሬት ትጭራለች።

ለምን ትነቅላለች? ላባ አብዛኛው ፕሮቲን ነው። የጣይ መኖ ከ16 እስከ 18 በመቶ ፕሮቲን ይኖረዋል። ባለቤቱ ግን መኖው እንዲበረክት ብሎ በቆሎና ትርፍራፊ ሲደባልቅበት መጠኑ ይወርዳል፣ ዶሮዋም የጎደላትን ከጎረቤቷ ጀርባ ትለቅማለች። መደባለቁን ያቁሙ። ትርፍራፊው ካስፈለገ ከሰዓት በኋላ ጥቂት ብቻ ይሁን። ጥበትም ሌላው ምክንያት ነው፤ ቤቱ ውስጥ ለአንዷ ከ0.4 ካሬ ሜትር ባያንስ፣ ቆጡ ላይም 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢደርሳት ጥሩ ነው። ቅጠላ ቅጠል ዘለው በሚደርሱበት ከፍታ ይስቀሉላቸው፣ ደረቅ አፈርና አመድ የሞላ መታጠቢያ ያዘጋጁላቸው። ሥራ የያዘች ዶሮ የሌላውን ጀርባ አታይም።

ነቃዩዋን ለአንድ ሳምንት ለብቻዋ ያቆዩዋት። ስትመለስ ማዕረጓ ወርዶ ይጠብቃታል፣ ደፋርነቷም ይቀንሳል። የደማች ዶሮ ካለች ግን ዛሬውኑ ይለዩዋት። ደም ያዩ ሌሎች ዶሮዎች አይምሯትም። መብላት ያቆመች፣ ላባዋን ነፍታ የምታንቀላፋ ወይም የከሳች ካለች ነገሩ ከላባ በላይ ነውና ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩዋት።

ምክንያቱን ቢያስወግዱም ጀርባቸው ወዲያው አይሞላም። ከሥሩ የተነቀለው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ማብቀል ይጀምራል። ጉቶው የቀረው ግን የሚቀጥለውን ላባ መቀየር ይጠብቃል፤ ጉቶውን እየነቀሉ ለማፋጠን እንዳይሞክሩ። ሦስት ሳምንት ቆይተው የተመለጠውን ቦታ በጣትዎ ይዳስሱት። አዲሶቹ እሾሆች ብቅ ካሉ መንገዱን አግኝተዋል። ብቅ ብለው ከጠፉ ግን ደም ያለበት አዲስ ላባ ለነቃይ ዶሮ ጣፋጭ ነውና፣ ሌላ የሚበላ አለ ማለት ነው። አሥራ አምስት ደቂቃዋን ይድገሟት።