«በየትኛው እግሩ?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በንግግር ሕክምና ተመርቄ ሥራ ከጀመርሁ ሁለት ዓመቴ ነው። እስካሁን የማክመው በስትሮክ ንግግራቸው የተያዘባቸውን ሰዎችና የሚንተባተቡ ልጆችን ነበር። ባለፈው ወር ግን ከአእምሮ ሕክምና ክፍል ስኪዞፍሬኒያ የሚባል፣ ሐሳብን የሚበታትንና የሌለ ድምፅ ሊያሰማ የሚችል የአእምሮ ሕመም ያለበት የ24 ዓመት ወጣት ተላከልኝ። ቃላቱ ጥርት ያሉ ናቸው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ነገር አይወጣቸውም። ስለ አንጎል የተጻፈውን ሳነብ ደግሞ የባሰ ግራ ገባኝ። ይህ የእኔ ሥራ ነው? እርስዎ ብዙ ዓመት ስለሠሩበት ይምከሩኝ።
ግራ የገባት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ ሥራሽ ነው። ለስትሮክ የምትጠቀሚባቸውን የሥዕል ካርዶች ግን ከመሳቢያው አታውጪ። በስትሮክ የተጎዳ ሰው ስኒውን እያየ ስሙ ይጠፋዋል። የአንቺ ወጣት ስሙ አልጠፋውም።

እኔ ይህን የተማርሁት ተሳስቼ ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ስሠራ የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ታካሚዬ ጋሼ የምላቸው የጎንደር ሰው ነበሩ። ከእኔ በፊት ያዩአቸው ባለሙያዎች በስልክ አስተርጓሚ ነበር ያነጋገሯቸው፤ መዝገባቸው ላይ «ንግግራቸው የተያያዘ ነው» ተብሎ ተጽፏል። አስተርጓሚው፣ ደግ ሰው ሳይሆን አይቀርም፣ የተበታተነውን እየለቀመና እያስተካከለ ነበር የሚያቀብላቸው። እኔም ስድስት ሳምንት ሙሉ የዕቃ ስም አስጠራኋቸው፤ አንድም አልሳቱም። አንድ ቀን ታክቶኝ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ምን ማለት ነው?» አልኋቸው። ረጅም ጊዜ አሰቡና «በየትኛው እግሩ?» አሉኝ። ሳቅሁ። እርሳቸው ግን መልሴን እየጠበቁ ነበር።

ሰሙ በእጃቸው ነው፣ ወርቁ ግን አልደረሳቸውም። (በተረት ብቻ ግን አትፍረጂ፤ ዛሬ ከተማ ያደገ ጤነኛ ልጅም እንቁላሉን ላያውቀው ይችላል።)

ስለ አንጎል ካነበብሽው ውስጥ ለሥራሽ የሚጠቅምሽ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ቦስተን ውስጥ የተሠራ ጥናት፣ በግራ ጆሮ በኩል ያለውና የሰማነውን ቋንቋ የሚያስተናግደው የአንጎል ክፍል በስኪዞፍሬኒያ ታካሚዎች ላይ አንሶ አገኘው፤ ባነሰ ቁጥርም የሐሳባቸው መበታተን ብሶ ታየ። ሰፈሩ የስትሮክ ታካሚዎችሽ ሰፈር ነው። ልዩነቱ፣ እዚያ ቤቱ ፈርሷል፤ እዚህ ቤቱ ቆሞ መብራቱ ይቆራረጣል። በ1993 ደግሞ ለንደን ውስጥ ታካሚዎች ድምፅ በሚሰሙበት ሰዓት አንጎላቸው ሲታይ፣ በርትቶ የተገኘው ንግግር የሚያመነጨው የብሮካ ክፍል ነበር። ጤነኛ ሰው ሲናገር አንጎሉ «ይህ የራሴ ድምፅ ነው» ብሎ ለድምፁ የሚሰጠውን ምላሽ ያለዝባል። በስኪዞፍሬኒያ ይህ ማለዘብ ይቀንሳል፤ የገዛ ድምፅ እንደ ባዕድ ሊሰማ ይችላል። ስለዚህ ልጁ በዓረፍተ ነገር መሀል ሲያቆም ቃል ጠፍቶት ነው ብለሽ አታቀብዪው። ምናልባት እያዳመጠ ነው። «ድምፅ እየሰማህ ነው?» ብለሽ በቀጥታ ጠይቂው፤ ድምፁ እውነት ነው አይደለም በሚለው ግን አትከራከሪው።

ከሁሉ በፊት አፉን ተመልከቺ። ለዚህ ሕመም የሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን ምላስን ሊያከብዱ፣ ድምፅን ሊያደክሙ፣ መዋጥንም ሊያስቸግሩ ይችላሉ፤ ለብዙ ዓመት ሲወሰዱ ከንፈርና ምላስ ያለ ፈቃድ የሚንቀሳቀሱበት ጊዜ አለ። ሌላው መድኃኒት፣ ክሎዛፒን፣ ምራቅ ያበዛል። እንዲህ ያለ ነገር ካየሽ ለሐኪሙ ጻፊለት፤ መድኃኒቱን አቁም ማለት የአንቺ ድርሻ አይደለም።

ከዚያ ወደ «ማን» ሂጂ። አማርኛችን ባለቤቱን ግሡ ውስጥ ይደብቀዋል። «መጣና ነገረው፤ አልሰጠውም ብሎ ሄደ» ሲልሽ እዚህ ውስጥ ስንት ሰው አለ? ሁለትም ሦስትም ሊሆን ይችላል። ሌላው ሰው አድማጩ የሚያውቀውንና የማያውቀውን እየለካ ስም ይጠራል፤ በዚህ ሕመም የሚላላው ይህ ልኬት ነው። ፈቃዱን ጠይቀሽ ስለ ትናንት ውሎው አምስት ደቂቃ ሲያወራ ቅጂው፣ ከዚያ «ማን?» ብለሽ የተደናገርሽባቸውን ቦታዎች ቁጠሪ። እኔ ለጋሼ ጠረጴዛው ላይ ባዶ ስኒዎች ደረደርሁላቸው፤ አንዱ ወንድማቸው፣ አንዱ ጎረቤታቸው፣ አንዱ የቤት አከራያቸው። ስለማን እንደሚያወሩ ስኒውን እየነኩ ይናገራሉ። መጀመሪያ ሰለቻቸው፣ «ቡና የሌለው ስኒ ምን ያደርጋል?» ብለውም ተቆጡ፤ እውነታቸውን ስለሆነ ከዚያ ወዲያ ቡና አፍልቼ ነው የምንጀምረው። በሦስተኛው ወር ስኒ ሳይነኩ «አከራዬ» ብለው መጀመር ለመዱ። ድምፆቹ ግን አልተዉአቸውም።

ለወጣቱ እናትም ይህንኑ አሳዪያቸው። «ምን ትቀባጥራለህ» በሚሉበት ቦታ «ማን ነው የመጣው?» ብለው ይጠይቁት፤ አንድ ጥያቄ ብቻ፣ መልሱንም ታግሠው ይጠብቁ። ቅጂሽን ደግሞ ከቀን ጋር አስቀምጪው። የቆጠርሽው «ማን?» በድንገት እጥፍ ከሆነ ሕመሙ እያገረሸ ሊሆን ይችላልና፣ የቀጠሮው ቀን እስኪደርስ ሳትጠብቂ ለሐኪሙ ደውዪለት።