ድዴ ሸሽቶ የጥርሴ ሥር ታየ፣ ከላንቃ ተወስዶ ይሰፋል የሚባለው ነገር እውነት ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ጎንደር አዘዞ ነው የምኖረው፣ እድሜዬ 27 ነው። የታችኛው የፊት ጥርሴ ላይ ድዱ ወደ ታች እየሸሸ ሥሩ ቢጫ ሆኖ ይታያል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ስጠጣ ጥዝዝ ያደርገኛል። ድዴን ልጅ እያለሁ ተነቅሻለሁ። አንድ ክሊኒክ ሄጄ ይነቀል አሉኝ፣ አሜሪካ ያለችው አክስቴ ደግሞ ከላንቃሽ ሥጋ ወስደው ይሰፉልሻል ትላለች፣ ጎረቤቶቼ ሎሚና ጨው ቀቢው ይላሉ። ጥር ላይ ሰርጌ ነው፣ ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ በቅድሚያ እንኳን ደስ አለሽ። ጥርሱ ካልተነቃነቀና መግል ካልያዘ ድዱ ሸሸ ተብሎ ብቻ አይነቀልም፣ ስለዚህ ሳትነቀዪ ሌላ ሐኪም አሳዪ። አክስትሽ ያለችው እውነት ነው፣ ግን እሱ ጋ ከመድረሳችን በፊት የሚሰራ ስራ አለ።

ሎሚውን ዛሬውኑ ተዪው። የጥርስ ሥር እንደ ላይኛው የጥርስ ክፍል ኢናሜል የሚባለው ጠንካራ ሽፋን የለውም፣ አሲድ ቶሎ ነው የሚበላው፣ ሎሚ በቀባሽው ቁጥር ጥዝዝታው ይብሳል እንጂ ድዱ አይመለስም። እውነቱን ለመናገር አንዴ የሸሸ ድድ በራሱ ተመልሶ አያድግም፣ በቅባትም በኪኒንም በውድ ኮልጌትም። እኛ የምንችለው መሸሹን ማስቆም ነው፣ ካስፈለገ ደግሞ ሥሩን በሌላ ሥጋ መሸፈን።

አሁን ዋናው ጥያቄ ለምን ሸሸ የሚለው ነው። የታችኛው የፊት ጥርስ ላይ ከፊት ያለው አጥንት ብዙ ጊዜ ስስ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ነገር ይበቃዋል። በጠንካራ ብሩሽ ግራ ቀኝ እንደ መጋዝ የምትቦርሺ ከሆነ እሱ አንዱ ነው። የወይራ መፋቂያም እንደዛው፣ መፋቂያ ጥሩ ነገር ነው እኔም አልቃወምም፣ ግን ጫፉን በደንብ አኝከሽ ሳታለሰልሺ ድዱ ላይ ወዲያ ወዲህ ከገፋሽው ይልጠዋል። ሁለተኛው የጥርስ ድንጋይ ነው። ምራቅ የሚፈልቅበት ቱቦ ከምላስ ስር ልክ ከታችኛው የፊት ጥርስ ጀርባ ስለሚከፈት ድንጋዩ መጀመሪያ የሚከማቸው እዛ ነው፣ በመስታወት አይታይሽም፣ በምላስሽ ግን ሻካራ ሆኖ ይሰማሻል። ሦስተኛ፣ የታችኛውን ከንፈርሽን ወደ ፊት ሳብ አድርጊና እዪው፣ ድዱ አብሮ ከተጎተተ ከንፈሩን ከድድ ጋር የሚያያይዘው ክር ቀስ በቀስ እየጎተተው ሊሆን ይችላል።

ንቅሳቱን ስለጠቀስሽ ደስ ብሎኛል፣ ብዙ ሰው ለሐኪም አይናገርም። የተነቀሰ ድድ ሲያብጥና ሲቀላ ጥቁሩ ቀለም ይሸፍነዋል፣ ስለዚህ አንቺ መልኩን ሳይሆን ደሙን ነው የምትከታተዪው። ስትቦርሺ ምራቅሽ ላይ ደም ካለ ድዱ ታሟል ማለት ነው፣ ሐኪም ጋ መታጠብ፣ ማለትም ድንጋዩ መነሳት አለበት። (በነገራችን ላይ ያ መርፌ ለስንት ሰው እንደዋለ ስለማይታወቅ ሄፓታይተስ ቢና ኤችአይቪ አንዴ ተመርመሪ፣ ለሰርግ መመርመራችሁ መቼም አይቀርም።)

ስለዚህ መጀመሪያ ጥርስሽን ታጠቢ፣ ለስላሳ ብሩሽ ግዢ፣ ከድድ ወደ ጥርስ አቅጣጫ ቀስ አድርገሽ ቦርሺ፣ ለጥዝዝታው የሴንሲቲቭ ኮልጌት ለተወሰኑ ሳምንታት ተጠቀሚ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያበቃል፣ ሐኪሙ በሚሊሜትር ለክቶ ይመዘግበዋል፣ ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ ይለካል፣ ካልጨመረና ካላመመሽ ኦፕራሲዮን ምንም አያስፈልግሽም። እየጨመረ ከሄደ፣ ጥዝዝታው አልለቅም ካለ፣ ወይ ለመቦረሽ እንኳን የማይመች ስስ ድድ ብቻ ከቀረ ያኔ ነው ስለ መስፋት የምናወራው።

ውጤቱን የሚወስነው ደግሞ በጥርስና በጥርስ መሀል ያለው አጥንት ነው። ከ1985 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የታወቀው፣ የድድ መሸሽን በደረጃ የሚከፍለው የሚለር አመዳደብ የሚለውም ይህንኑ ነው፣ መሀል ያለው አጥንትና ድድ ካልጠፋ ሥሩ ሙሉ በሙሉ የመሸፈን ተስፋ አለው፣ አጥንቱ ከወረደ ግን ቢሸፍን ከፊሉን ብቻ ነው፣ ይህን ሳይነግርሽ ልስፋልሽ የሚል ካለ ራጅ አንሺና ሌላም ሰው ጠይቂ።

አሰራሩ አያስፈራም። በማደንዘዣ መርፌ ነው፣ አትተኚም፣ አንድ ሰዓት ወይ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ከላንቃሽ ጎን ከቆዳው ስር ስስ ሥጋ ይወሰዳል፣ ሥሩ ይጸዳል፣ የራስሽ ድድ እንደ ኪስ ይከፈትና ሥጋው ከውስጥ ገብቶ ይሰፋል። ለአንቺ ይሄኛው ዓይነት ነው የሚሻልሽ፣ ምክንያቱም ከላይ የሚቀረው የተነቀሰው የራስሽ ድድ ነው። ሌላኛው ዓይነት የላንቃው ሥጋ ከነቆዳው ከላይ የሚለጠፍበት ነው፣ ስስ ድድን ለማወፈር ጥሩ ነው፣ ግን ጥቁር ድድ ላይ ሮዝ እራፊ ሆኖ ስለሚታይ አስቀድመሽ ለሐኪሙ ንገሪው። ሁሉም ጥርስ ክፍል ይህን አይሰራም፣ ስለዚህ የድድ ስፔሻሊስት አለ ወይ ብለሽ ጠይቂና ሪፈር አጽፊ።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ነው ጉዱ። ሥጋው በመጀመሪያዎቹ ቀናት የራሱ የደም ስር የለውም፣ ከስሩ ካለው ቦታ እየመጠጠ ነው የሚኖረው፣ ከተነቃነቀ ይሞታል። ስለዚህ ልየው ብለሽ ከንፈርሽን አትሳቢ፣ ይዞልሻል ወይ ላለችሽ እናትሽም ቢሆን አታሳዪ። ወደ ሁለት ሳምንት ቦታውን አትቦርሺም አትፍቂም፣ በታዘዘልሽ ክሎርሄክሲዲን (ጀርም የሚገድል የአፍ ማጠቢያ) ትጉመጠመጫለሽ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በርበሬ የበዛበት ወጥ፣ ትኩስ ሻይ ይቅር፣ ለብ ያለ አጥሚት፣ በርበሬ የሌለው ገንፎ፣ እርጎ፣ የተፈጨ ድንች ይሁን። በስትሮ አትጠጪ፣ ሲጋራና ሺሻ ደግሞ ሥጋው እንዳይዝ ስለሚያደርጉ ጨርሶ አይታሰቡም። እብጠቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይብሳል ከዛ ይወርዳል፣ ስፌቱ ከ10 እስከ 14 ቀን ውስጥ ይወጣል፣ ላንቃሽ ሻይ ያቃጠለው ያህል ይሰማሻል፣ ብዙዎቹ ከድዱ ይልቅ እሱን ነው የሚያማርሩት። ሙሉ በሙሉ እስኪረጋ ግን ወራት ይወስዳል።

ሰርጉን በተመለከተ፣ ከሁለት ወር በታች ከቀረሽ አሁን አትሰፊ። የድድ መሸሽ አዝጋሚ ነው፣ ታጥበሽ ብሩሽሽን ካስተካከልሽ እስከ የካቲት ይጠብቅሻል፣ ፎቶ ላይም የታች ጥርስ ያን ያህል አይወጣም። አርግዤ ይሆናል ብለሽ ካሰብሽ፣ ስኳር ካለብሽ፣ ወይ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከወሰድሽ ከመስፋቱ በፊት ተናገሪ።

ከተሰፋሽ በኋላ ላንቃሽ ከደማ በረጠበ ንጹህ ጎዝ 20 ደቂቃ ሳትለቂ ተጫኚው፣ ካላቆመ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ወይ ከሦስተኛው ቀን በኋላ እብጠቱ እየጨመረ መግል ካሳየ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ወደ ሰፋሽ ሐኪም ሂጂ፣ ሌሊት ከሆነም ድንገተኛ ክፍል ግቢ።