አካውንቲንግ ተምራ ወደ ነርሲንግ መግባት ለምትፈልገው እህታችን

እህቴ ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት። የአካውንቲንግ ዲግሪ አለኝ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ጅማ ሆኜ ነርሲንግ በደረጃ 4 ልጀምር ወይስ በዲግሪ ነው ያልሽው። እኔም ከአስተማሪነት ነው የመጣሁት፣ አሁን ዋርድ ነው የምሰራው።

4 ዓመቱን የምትችይው ከሆነ ቀጥታ ዲግሪውን ያዢ። ደረጃ 4 (የቴክኒክና ሙያው ስልጠና) ቶሎ ስራ ያስይዛል ይሉሻል፣ ግን እሱን ጨርሰሽ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ተፈትነሽ ትንሽ ሰርተሽ ዞረሽ ደግሞ ለዲግሪ ክላስ ልትገቢ ነው፣ ለሁለተኛ ጊዜ ለሚጀምር ሰው ያ መንገድ በጣም ይረዝማል። ዲግሪውም ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለው፣ 50 ፐርሰንት ማምጣት አለብሽ፣ ከዛ የጤና ሚኒስቴር የብቃት ምዘና አለ። የግል ኮሌጅ ከሆነ እውቅናው ለነርሲንጉና ለዛው ካምፓስ መሆኑን ከትምህርትና ስልጠና ባለስልጣን ሳታጣሪ ብር እንዳትከፍይ።

ከክፍያው በፊት ግን ለአታችመንት፣ ማለትም ለሆስፒታል ልምምድ፣ የት ነው የምትልኩት፣ ስንት ተማሪስ ነው አንድ ዋርድ የሚገባው ብለሽ ጠይቂ። ተቅማጥ ያደረቀው ህፃን ሲመጣ ፈሳሽ የምትሰጪበት ደም ስሩ አይታይም፣ ትንሿን እጅ ይዘሽ በጣትሽ እየዳሰስሽ ነው የምትፈልጊው፣ እናትየው አጠገብሽ ቆማለች። ይሄ በእጅ ነው የሚለመደው፣ አልጋውን ተማሪ ከከበበው አንቺ የምታይው የጓደኛሽን ጀርባ ነው። ሂሳቡ እንኳን ላንቺ አያስቸግርም፣ 1 ሊትር ፈሳሽ በ8 ሰዓት ውስጥ ይግባ ከተባለና ፈሳሹ የሚወርድበት መስመር ለ1 ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚሰጥ ከሆነ በደቂቃ 42 ጠብታ አካባቢ ነው፣ ሰዓትሽን አይተሽ ትቆጥሪያለሽ፣ ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ ነው የሚደናገጠው።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከገባሽ ደግሞ ማህበረሰብ ተኮር ትምህርት አለ፣ ቲቲፒ የሚባለው የቡድን ስልጠና ሲደርስ ከሌሎች የጤና ተማሪዎች ጋር በቡድን ጤና ጣቢያ ትወጫለሽ፣ ለሳምንታት ከቤት ትርቂያለሽ ማለት ነው። እኔ በጣም የምወደው ትምህርት ነው፣ በሽታው ከየት እንደሚመጣ እዛው ምንጩ ጋ ታይዋለሽ፣ ለእናት ግን ከባድ ነው። ናይት ዱቲ፣ የሌሊት ተረኝነትም አለ። በቅዳሜና እሁድ ብቻ ተምረሽ ትጨርሻለሽ የሚልሽን እንዳታምኚ።

አፋን ኦሮሞ የማትችይ ከሆነ ከዛሬ ጀምሪ፣ በጅማ ዙሪያ ካሉት ከሰቃ ከሊሙ የሚመጡት እናቶች ህመማቸውን በቋንቋቸው ነው የሚነግሩሽ፣ በአስተርጓሚ ግማሹ ይቀራል።

ናይት ስትገቢ ልጆቹ ከማን ጋር ያድራሉ? እሱን ንገሪኝና ኢንቦክስ እናውራ።