ጥያቄና መልስ፦ ለእሑድ አጥቢያ ስለተበላ ሥጋ

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ በኒውዮርክ የሌሊት ታክሲ እነዳለሁ። ጾም ባልሆነበት ወቅት፣ ለእሑድ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሃውስተን ጎዳና ላይ ወዳለው ካትዝ ወደሚባል የአይሁድ ምግብ ቤት ወስዶኝ ፓስትራሚ በላሁ። ሥጋው ክርስቲያን ያላረደው ከመሆኑም በላይ ቀይ ስለነበረ ደም ያለበት መስሎኝ ተጨነቅሁ። ጠዋት አስቀደስሁ፣ ነገር ግን አልቆረብሁም። በድያለሁን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያስጨነቀዎት ሥጋው ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን ይበልጥ ሊያስቡበት የሚገባው ሰዓቱ ነው።

ሐዋርያት ከአሕዛብ ወገን ያመኑትን ለጣዖት ከተሠዋ፣ ከደም፣ ከታነቀና ከዝሙት እንዲርቁ አዝዘዋል (ሐዋ. 15፥29)። በአገራችን «በስመ አብ» ተብሎ የታረደውን ብቻ መብላት ክርስቲያኑ እምነቱን የሚመሰክርበት ልማድ ስለሆነ አላቃልለውም። ሆኖም ቅዱስ ጳውሎስ ጣዖት በበዛባት በቆሮንቶስ ለሚኖሩት ምእመናን በገበያ የሚሸጠውን ሥጋ ሳይመረምሩ እንዲበሉ፣ ለጣዖት የተሠዋ መሆኑን የሚነግራቸው ካለ ግን እንዲተዉት ጽፎላቸዋል (1ኛ ቆሮ. 10፥25-28)። እርስዎም ከሱፐርማርኬት የሚገዙትን ሥጋ ማን እንዳረደው ጠይቀው የሚያውቁ አይመስለኝም።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1888 የተመሠረተው ያ ቤት የአይሁድን አበሳሰል የያዘ ነው እንጂ ኮሸር የሚባለውን የአይሁድ የምግብ ሕግ የሚጠብቅ አይደለም፤ በሰንበታቸው ክፍት ነው፣ ሥጋንም ከአይብ ጋር ያቀርባል፤ ስለዚህ ሕጉን አጥብቆ የያዘ አይሁዳዊ ራሱ አይበላበትም። እዚያ መብላት በሃይማኖታቸው ሥርዓት መተባበር ነው ብለው ከፈሩ፣ ፍርሃትዎ መሠረት የለውም። ፓስትራሚ በጨውና በቅመም የሰነበተ፣ በጢስ የታጠነ፣ በመጨረሻም በእንፋሎት የበሰለ የበሬ ሥጋ ነው፤ ቅላቱን የሚሰጠው ሥጋው የሚሰነብትበት ጨው እንጂ ደም አይደለም። ይህን ሁሉ ሰምተው ሕሊናዎ አሁንም ካልተቀበለው ግን ይተዉት፤ ተጠራጥሮ መብላት አይገባምና (ሮሜ 14፥23)።

ስለ ቁርባኑ፣ መቅረትዎ ትክክል ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት የሚቆርብ ሰው አስቀድሞ 18 ሰዓት ከምግብና ከመጠጥ ይከለከላል፤ ከሌሊቱ 7 ሰዓት የበላ ሰው ይህ የሚሞላለት እሑድ ማታ 1 ሰዓት ላይ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ለመቁረብ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት በልቶ መጨረስ ያስፈልጋል። ሌሊቱን ሙሉ መሪ ይዞ ለሚያድር ሰው ይህ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ሰዓቱን በራስዎ ከማሳጠር ይልቅ ለንስሐ አባትዎ የሥራዎን ሁኔታ አስረድተው፣ ቅዳሜ ማታ ሥራ የማይገቡበትን ሳምንት አብረው ይምረጡ። ለቁርባን በተዘጋጁበት ሌሊት ባልደረባዎ ዳግመኛ ወደዚያ ቤት ቢወስድዎት፣ ሥጋ ቆራጩ ትእዛዝዎን እያዘጋጀ በሳሕን የሚዘረጋልዎትን የመቅመሻ ቁራጭ እንኳ አይቀበሉ፤ እሱም እንደ መብላት ይቆጠራል።